ሁለት ፍተሻ በአንድ በር

እንደ ጋሼ ቁልፍ አባባል፣ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ስልክ የሚቆራርጠው እርጅና ነው፤ ጥሪውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ስድስት ዓመት አገልግሏል፣ ይቀየር። እንደ ፕሮግራመሯ አባባል ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፤ ያነቀው ጋሼ ቁልፍ የሰኩበት መንጠቆ ነው። መንጠቆ የሚሉት በኮምፒውተሩ እምብርት፣ በኬርነሉ ውስጥ ተሰክቶ፣ የሚገባውን መረጃ እያስቆመ የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም ነው። የኮምፒውተር ጥበቃው ኃላፊ ጋሼ ቁልፍ የተባሉት ደግሞ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እንኳ መሳቢያቸውን ስለሚቆልፉ ነው።

ክርክሩ ሳያልቅ የጥሪ ተቀባዮቹ አለቃ መጣች።

"ጠዋት ልጇ መተንፈስ ያቃተው እናት አድራሻዋን ሦስት ጊዜ ነገረችን፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቆረጠ። ልጁ ለጥቂት ተረፈ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ጥበቃውን በሙሉ አስነሳለሁ።"

"አምና በሐሰት ጥሪ ጎርፍ መስመሩን ቀኑን ሙሉ የዘጋው ጥቃት ቢደገምስ?" አሉ ጋሼ ቁልፍ።

"እሱን ሲመጣ እናያለን።"

ፕሮግራመሯ ወደ መሞከሪያው ማሽን ዞረች። ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ባለፈው ወር፣ ከጋሼ ቁልፍ መንጠቆ ኋላ፣ የራሷንም ሰክታለች። በመጪው ሳምንት ለደረጃ እድገት የምታቀርበው ሥራዋም እሱ ነው።

የደዋይ ድምፅ በየሴኮንዱ ሃምሳ ቦታ ተቆራርሶ ነው የሚጓዘው። የጋሼ ቁልፍን መንጠቆ አጠፋች፤ ድምፁ አሁንም ተቆራረጠ። የሳቸውን መልሳ የራሷን አጠፋች፤ ጠራ። የአምናውን ዓይነት ጥቃት ለቀቀችበት። የሳቸው ብቻውን መከተው።

"ምን አገኘሽ?" አሉ ከኋላዋ።

"የእርስዎ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ፈትሾ ደዋዩን ያስታውሰዋል፤ የቀሩትን ያሳልፋል።"

"ታዲያስ? እንግዳ በር ላይ ስሙን ከተናገረ በኋላ በየጉርሻው 'ማነህ?' ይባላል እንዴ?"

"የኔው ይላል። እያንዳንዷን ቁራጭ ከታገዱ ደዋዮች ሙሉ ዝርዝር ጋር እንደ አዲስ ያመሳክራል።"

"የአንቺው ደግሞ ከየት መጣ?"

"ከእርስዎ ኋላ ሰክቼው ነበር። አላመንኩዎትም።"

ጋሼ ቁልፍ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እኔም አንቺን ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ መንጠቆዎቹ ሦስት ይሆኑ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሰርቨሩ ግን አላረጀም በይኛ።"

"አላረጀም፤ እሱ ላይ ተሳስተዋል።"

"እሺ፣ ተሳሳትኩ። ስሚ፣ የአንቺን ቀስ ብለሽ ንቀይውና 'ተስተካከለ' በያት። እድገትሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ ራስሽን አታሳጪ፤ እኔ አፌ ቁልፍ ነው።"

እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው። የሳቸውን መንጠቆ ስታማ የሰነበተችው በሰው ፊት ነው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አለቃዋ ተመለሰች።

"እህ፣ ጋሼ፣ የእርስዎን ጥበቃ ላስነሳው?"

ጋሼ ቁልፍ ወለሉን አዩ። ፕሮግራመሯ ከወንበሯ ተነሳች።

"ድምፁን የቆረጠው የኔ መንጠቆ ነው" አለች። "አሁን እዚሁ ፊትሽ እነቅለዋለሁ። የጋሼ ባለበት ይቆይ።"