ሰባት ልጅ በአምስት መደብ

"ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የመተማ እጓለ ማውታ ሕፃናት ጠባቂና የትምህርታቸው ዕቅድ አውጪ የተከበረው ሸንጎ ከወሰን ማዶ፣ ከገላባት ያስመጣው አግዳሚ ወንበር በሰላም ገብቷል! ከዛሬ ጀምሮ ከሸንጎው አባላት በቀር በወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ ልብስ ያሰጣ፣ በእግሩ ፍየል ያሰረ ቢገኝ፣ ወዮለት!"

ለፋፊው የዘይት ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ደልቆ ወደ ገበያው ወረደ። አለነ ከሰሊጥ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ፣ ጥርሱን ነክሶ ሰማው። አዋጁን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። "ወዮለት" የምትለዋን ግን ግራዝማች እንግዳው ናቸው የጨመሯት፤ ወዮለት የሌለበት አዋጅ አዋጅ አይመስልም ብለው።

ሸንጎው ከተቋቋመ ሁለት ወሩ ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ከተማው "ተኔንቴ" የሚለው የምሽጉ መኮንን በጦርነቱና በወባው ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ገበያ ለገበያ ሲንከራተቱ አየ። አዘነላቸው ይሁን፣ አለቃው መጥቶ እንዳያይበት ፈራ፣ እሱ ነው የሚያውቀው። ብቻ አምስት ሽማግሌ ሰብስቦ፣ "ጠብቋቸው፤ ምን እንደምታስተምሯቸውም ጽፋችሁ አምጡ" አለ። ከዚያም ለሰባት ልጅ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ሰጠ። መተማ ላይ፣ በሚያዝያ!

አምስቱ ሽማግሌዎች በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ነገር ወሰኑ፤ ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ፣ ማኅተሙ በማን ኪስ እንደሚያድር፣ ወንበሩ ስንት ክንድ እንደሚሆን። ልጆቹ በዚሁ ሁለት ወር በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተኙ። የሚያበላቸው ሸንጎው አይደለም። አሰበች ናት፤ ባሏ በአርማጭሆ ውጊያ የቀረባት፣ ለነጋዴ ውሃ እየቀዳች የምታድር ሴት። ማንም ሳይሾማት፣ ማንም ሳይለፍፍላት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እየለቀመች መጋዘኑ ውስጥ ያስገባቻቸው እሷ ናት።

አለነ የሸንጎው ጸሐፊ ነው። ሳንጃ አጠገብ ባለ ደብር ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ ቅኔ ሊጀምር ሲል ጦርነቱ ትምህርቱን አቋረጠበት። በከተማው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ አይዋሽም፣ ቶሎ ይቆጣል። ሸንጎው ስለ ወንበሩ ሲከራከር እሱ ከምሽቱ ላይ እየሰረቀ የትምህርት ዕቅድ ጻፈ። ጧት ጧት ፊደል፤ ለእስላም ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው፤ ከሰዓት በኋላ ለትልልቆቹ አናጢነትና ሽመና። ወንበር እስኪገባ አልጠበቀም። በመጋዘኑ በር ላይ በከሰል ፊደል ጽፎ ማስተማር ጀምሮ ነበር። የአምስት ዓመቷ አየሁሽ፣ ሳሏ እያቋረጣት፣ "መ" ላይ ደርሳለች።

ተኔንቴው ለአለቃው የሚልከው ወረቀት፣ ዕቅዱና የልጆቹ መዝገብ፣ ዛሬ ምሽጉ መድረስ አለበት። ፖስታ የሚጭነው ካሚዮን በስድስት ሰዓት ይነሳል።

አምስቱ አባላት በመጋዘኑ ፊት ባለው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በአዲሱ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ግራዝማች እንግዳው መሐል፤ ነጋዴው ሐጂ ሷሊህ በቀኝ፤ ባሻ አገኘሁ በግራ። የቀሩት ሁለቱ ሌሎቹ ያሉትን ሁሉ "እውነት ነው" የሚሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለዚሁም ነው የተመረጡት።

"አንብብ" አሉ ግራዝማች።

አለነ ዕቅዱን ከራስ እስከ ግርጌ አነበበ። 

"ወላሂ ሸጋ ነው" አሉ ሐጂ ሷሊህ። "የቃሉ አወራረድ፣ ማሻ አላህ። ግን ሰሌዳው ከየት ይመጣል?"

"ወንበሩ ከመጣበት ይምጣ።"

"እሱ የሸንጎው ክብር ነው፤ ሌላ ነገር ነው።"

ባሻ አገኘሁ መፋቂያቸውን ከጥርሳቸው አወጡ። "ዕቅዱ ጥሩ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ይስተካከል። ልጆቹን እዚህ ሰብስቦ ፊደል ከማስለፍለፍ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ወስደን ሙያ ብናስተምራቸውስ?"

"እውነት ነው" አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች።

"ምን ምን ሙያ?" አለ አለነ።

"ወንዱ ከብት ማገድ፣ ማሽላ ማረም፣ ሰሊጥ ማጨድ። ሴቷ ውሃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት።"

"ይህንንማ ሁሉም ያውቁታል እኮ!"

"እንግዲያው ፈተናው አይከብዳቸውም" አሉ ባሻ፤ ወንበሩ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

"ስንት ዓመት ነው የሚማሩት?"

"ትምህርት መጨረሻ አለው እንዴ?" አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው ተገርመው።

አለነ ቀና አለ። "ይህ ትምህርት ድሮ ሌላ ስም ነበረው፣ ግራዝማች። ባርነት በአዋጅ ስለተከለከለ ነው ዛሬ ሌላ ስም ያወጣችሁለት?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች "እውነት ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት።

"አንተ ጻፍ" አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው። "የተቀጠርኸው ለመጻፍ ነው። ለመተርጎም ሌላ ሰው አለን።"

ሌላው ሰው ማን እንደሆነ አለነ ያውቃል። የተኔንቴው አስተርጓሚ የባሻ አገኘሁ የእህት ልጅ ነው። ምሽጉ ድረስ ሮጦ ቢጮህ፣ ጩኸቱ በዚያ ሰው አፍ በኩል ምስጋና ሆኖ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ስለ ጀምበሩ ነበር። ጀምበሩ የአየሁሽ ወንድም ነው፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ትከሻው ግን የጎልማሳ። አምስቱም ሊያስተምሩት ፈለጉ።

"በአባቱ በኩል ይዛመደኛል" አሉ ባሻ አገኘሁ።

"እኔንም ይዛመደኛል" አሉ ሐጂ።

"እርስዎን በምን በኩል? ልጁ የክርስቲያን ልጅ!"

"በጉርብትና።"

ግራዝማች ሹመታቸውን ጠቀሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንኳ፣ ከተመረጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የየራሳቸውን ሐሳብ ተናገሩ፤ ሁለቱም "ለእኔ ይሁን" የሚል ነበር። አንዱ የሌላውን ኩታ እስኪይዝ ተደረሰ። ያን ጊዜ ባሻ አገኘሁ ብድግ አሉ። በየበዓሉ የከተማውን ቅርጫ የሚመድቡ እሳቸው ናቸው።

"ኧረ ምን ያጣላናል? በሬ አርደን ስንካፈል ማን ከማን ተጣልቶ ያውቃል? እኩል እኩል መድበን ዕጣ እንጣላ!"

አለነ ቀልድ መስሎት ነበር። ልጆቹ ከመጋዘኑ ተጠርተው ወጥተው፣ ባሻ አገኘሁ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ነው ቀልድ አለመሆኑ የገባው።

ባሻ ሙያቸውን ያውቁበታል። ጀምበሩን ብቻውን አቆሙት፤ አንድ መደብ። ሐሚዳን፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትንና እህል የምትፈጨውን፣ ብቻዋን፤ ሁለት መደብ። ከገለጉ የመጡትን ሁለት እኅትማማቾች አንድ ላይ። ትንንሾቹን ወንዶች፣ ዓሊና ኢሳን፣ አንድ ላይ። እያንዳንዱን ክንዱን ይዘው መዘኑ፤ ከዚህ አንስተው ወደዚያ አዛወሩ፤ ራቅ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ ተመልሰው አስተካከሉ። ሽንጥና ዳቢት ሲያስተካክሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

አየሁሽ ቀረች። ከማንም ጋር ሊመድቧት ሲሉ ያ መደብ "ተበላሸ" ተባለ። ሳል አለባት፤ ክንዷ የማሽላ አገዳ ነው።

"እሷን ብቻዋን መደብ አድርጓት" አሉ ግራዝማች።

"ይጎድላላ! ማን ይወስዳታል?" አሉ ባሻ።

"ብርድ ልብሱ ይጨመርባት።"

"እውነት ነው" አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ከአየሁሽ እግር ሥር ተቀመጠ። ባሻ እንደገና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። "አሁን ተመጣጠነ።"

አሰበች ያን ጊዜ ነው ከወንዝ የደረሰችው። እንስራዋን ሳታወርድ ቆመች። ልጆቹን አየች፤ መደቦቹን አየች፤ የቅርጫ አመዳደብ ለመተማ ሰው አይጠፋውም።

"ማንን አረዳችሁ?" አለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህ የሸንጎ ጉዳይ ነው" አሉ ግራዝማች።

"የሸንጎ ጉዳይ! ኢሳ በተቅማጥ ሲሞት ሲድን የት ነበር ሸንጎው? ቅማላቸውን የለቀምሁት እኔ! አየሁሽ ሌሊት ስትስል ደረቷን የማሽላት እኔ! እናንተ ስንት ክንድ እንጨት ላይ እንደምትቀመጡ ስትለኩ የከረማችሁ፣ ዛሬ ክንዳቸውን ልትለኩ መጣችሁ?"

"ሥራሽን አቃለልንልሽ እኮ" አሉ ሐጂ ለስለስ ብለው። "ያረፍሽ እንደሆን ምን ያስቆጣሻል፣ እኅቴ?"

"እኅት አይበሉኝ፣ ሐጂ! ለእኅትዎ ልጆች እንዲህ አያደርጉም።"

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው መሬት መሬት አየ። ግን ከወንበሩ ማንም አልተነሳም።

አምስቱ የሚተማመኑት ወንበር ሲጋሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ማሉ። ዕጣ ካረፈበት እንዳይነሳ፣ ሁለተኛም እንዳይጣል፣ ያጉረመረመ ቤቱ እንዲፈርስ፣ ዘሩ እንዳይባረክ። አራቱ መስቀል መቱ፤ ሐጂ ቁርኣን መቱ። የሚጥለው ማን ይሁን ሲባል ባሻ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ባሻን በቅርጫ ያውቋቸዋል። ጥሩ ሥጋ ሁልጊዜ ለማን እንደሚደርስም ያውቃሉ።

"አለነ ይጣል" አሉ ግራዝማች። "ቁጡ ነው እንጂ ሌባ አይደለም።"

አለነ ፊቱን ወደ መጋዘኑ ግድግዳ አዞረ። እሱ ሳያይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዕጣ በሐጂ ቆብ ውስጥ ጨመሩ። ሲዞር በየመደቡ አንድ አንድ እንዲያኖር ቆቡን አስያዙት። አንድ የጥይት ቀለህ፣ አንድ የመቁጠሪያ ፍሬ፣ አንድ የመፋቂያ ቁራጭ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንድ የሰሊጥ ራስ። ምን ያህል ቀላል ነው! ሰባት ሰው ተጭኖበት የላባ ያህል እንኳ አይከብድም።

ወደ ልጆቹ ሄደ።  አሰበች መንገዱ ላይ ቆመችበት።

"አንተም? አንተም፣ አለነ? እጅህ ይታዘዝልሃል?"

 ቆቡን ቢወረውረው ባሻ ያነሱታል። ጥሎ ቢሄድ፣ ገና ከመሄዱ ሌላ ሰው ዕጣውን ይጥላል። አልጽፍም ቢል፣ ከመንገድ ማዶ ጽሕፈት የሚያውቅ ደብተራ ሞልቷል። አልፏት ሄደ። ከኋላው ትፍ ስትል ሰማ።

"የኔታ" አለ ጀምበሩ፤ ድምፁን ጎልማሳ ለማስመሰል እየታገለ። "እኔና እሷ አንድ ላይ አይደለንም?"

"ቁም ባለህበት።"

"እኔ የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ ይበሉልኝ። ከእኔ ጋር ትሁን ብቻ።"

"ቁም ብዬሃለሁ!"

የአለነ ጩኸት ራሱን አለነን አስደነገጠው።  አየሁሽ ብርድ ልብሱን እንዳትረግጥ እግሮቿን ገጥማ ቆማለች፤ ቁጣ እንዳይመጣባት ሳሏን በሁለት እጇ አፍናለች። ከጣቶቿ መሐል ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማል።

ከምሽጉ በኩል ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሳ።

"ቶሎ በል እንጂ!" አሉ ባሻ አገኘሁ። "ካሚዮኑ ሊሄድ ነው!"

አለነ ተንበረከከ። ቀለሁን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረ። የመቁጠሪያውን ፍሬ ከጎኑ። መፋቂያውን። ቁልፉን። የሰሊጡን ራስ። አምስቱንም በአየሁሽ እግር ሥር በተርታ ደረደራቸው፤ ቆቡን ገልብጦ አራገፈው፤ ተመልሶም ለሐጂ ሷሊህ በሁለት እጁ፣ እጅ ነስቶ ሰጣቸው።

አምስቱም ከወንበሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ባሻ።

"ዕጣ ነው።"

"አምስቱም አንድ መደብ ላይ?"

"አምስቱም አንድ መደብ ላይ አረፈ።"

"ለእኛ ለአምስታችን፣ አንዲት የምትስል ልጅ? አንድ ብርድ ልብስ?"

"እውነት ነው" አለ አለነ።

ባሻ ወደ መደቦቹ ተንደረደሩ። "ይነሳ! እንደገና ይጣል!"

"ሐራም!" ሐጂ ሷሊህ የባሻን ኩታ ጫፍ ያዙ። "እኔ ቁርኣን መትቻለሁ! የምሸጠው ሰሊጤ ገና ወሰን ማዶ ነው፣ ልጆቼ መንገድ ላይ ናቸው። ካነሱ እርስዎ ብቻዎን ያንሱ፣ እርግማኑንም ብቻዎን ይውሰዱ።" ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ልጆቹን፣ አንድ ጊዜ ሰማዩን አዩ። አንዱ ሳያስበው አማተበ። ባሻ ቆሙ። የገዛ መፋቂያቸው ቁራጭ ከአየሁሽ እግር ሥር ሆኖ ያያቸዋል፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

አየሁሽ አፍናው የነበረውን ሳል ለቀቀችው። ማንም አልተቆጣትም፤ እኔ ልውሰዳት ያለም የለም፤ በቀሩት ስድስቱ ላይ ደግሞ ዕጣ አላረፈም።

አለነ መሬት ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ስም፤ ዕድሜ። ጠባቂ በሚለው ረድፍ ሰባት ጊዜ "አሰበች" ብሎ ጻፈ። ትምህርት በሚለው ረድፍ ሰባት ጊዜ "ፊደል" ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው።

ግራዝማች ከወንበሩ ተነስተው ከላዩ ቆሙ። ጥላቸው ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

"ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ አይደለህም።"

"ይሁን። ይቺን ልጨርስ።"

"ይህን ነገር ሆን ብለህ ነው ያደረግኸው?"

አለነ መጻፉን ቀጠለ።

"እኔ ነኝ የምጠይቅህ! በእግዜርና በሸንጎው ፊት፣ ለምን እንዲህ እንዳደረግህ አስረዳኝ!"

"አላስረዳም" አለ አለነ።