አንድ ዛፍ፣ ሁለት ወላድ

ዛፉ አንድ ነው፤ ተከራዩ ሁለት። በግንዱ ወገብ ላይ ባለው ጎሬ ሸለምጥማጥ ወልዳለች። ከላይ፣ ቅርንጫፉ በሚለያይበት፣ ዘማሪ ወፍ ጫጩቶች ፈልፍላለች። የሽማግሌው የደን ጠባቂ ሥራ በዛፉ ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ ማንም እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ማንም ሲባል እሱም አለበት።

አንድ ጠዋት ሸለምጥማጧ ከጎሬዋ ወጥታ ሽቅብ አየች። ጠባቂው ዋናው ቢሮ ደወለ። እዚያ የአውሬዋ ባለሙያና የወፏ ባለሙያ አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት።

«ሸለምጥማጧ ወፏ ጋ ልትወጣ ነው» አለ ጠባቂው። «ገመዱን ልለፍና ላባራት?»

«እንዴታ አባባ! ቶሎ ይበሉ!» አለች የወፏ ባለሙያ።

«እንዳይሞክሩት!» አለ ሰውየው። «ከደነገጠች ልጆቿን ጥላ ትጠፋለች። ሕጉ ያሳስርዎታል።»

«የኔዋ እኮ ዘሯ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው! ያንተዋ ገና ‹ለአደጋ የተጋለጠች› ነች።»

«ቢሆንስ? አጥቢ ናት፤ የሚጠቧት አሉ።»

«የኔዋስ ጡት ስለሌላት እናት አይደለችም?»

«ነገሩን ወደ መደብ አታምጪው።»

«ማን አመጣውና!»

«ልጆቼ» አለ ጠባቂው፣ «እኩሌታውን ወጥታለች።»

«አለቃ ይወስኑ» ተባባሉ። አለቃው ስብሰባ ላይ ነበሩ። «አንዴ ይጠብቁን፣ አባባ።»

ጠባቂው ድንጋይ አነሳ። ክንዱ አልዛለም፤ ቢወረውር አይስትም። ግን አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል። ከጎሬው ውስጥ የሸለምጥማጧ ልጆች ሲያላዝኑ ሰማ። ከላይ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ። የሁለቱም ረሃብ ለጆሮው አንድ ሆነበት። ድንጋዩ እጁ ውስጥ ሞቀ።

እናቲቱ ወፍ እየጮኸች ራሷን በሸለምጥማጧ ላይ ወረወረች። ሸለምጥማጧ ዞራም አላየቻት። ጫጩት በአፏ ይዛ ወረደች፤ ተመልሳ ወጣች። ደግማ ወረደች።

«አባባ! አለቃ ፈቅደዋል!» አለች ባለሙያዋ እያለከለከች። «በእርጋታ ያባሯት ብለዋል። የት ደረሰች?»

ጠባቂው ቀና አለ። ወፏ የጎጆዋ ጠርዝ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ትመለከታለች።

«ጨርሳለች፣ ልጄ።»

በስልኩ ውስጥ የባለሙያዋ ወንበር ተንቋቋ፤ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔዋ ልጆችስ... በሉ?»

«በሉ።»

ሰውየው «ጥሩ» ሊል ብሎ ቃሉን ዋጠው።