ያልተነዳው ሠላሳ ማይል

የብስክሌተኞቹ ክለብ አንድ ደንብ አለው። የኦሪገንን የባሕር ጠረፍ ከሰሜን ጫፉ እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር በብስክሌት የጨረሰ ሰው በዱዌን የብስክሌት ሱቅ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ ይፈርማል፤ ለሚቀጥለው ተጓዥ ዕቅድ የሚያወጣለትም ከፈረሙት አንዱ ነው። ኦርሊን ከፈረመ ስምንት ዓመቱ ነው። እስካሁን ተራው ሲደርስ ወይ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ወይ ወገቡን ያመዋል፤ አንድ ዓመትማ የአክስቱ ልጅ ሰርግ ደረሰለት። ዘንድሮ ግን ከፈራሚዎቹ ግማሹ ሙቀት ፍለጋ አሪዞና ገብቶ፣ ሌላው ጉልበቱ ከድቶት፣ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

እናም እሑድ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ጓዳ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀመጠ። ተጓዧ ፈርን ናት፤ የስድሳ አራት ዓመት ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች። ጉልበቷን በቀዶ ጥገና ካስቀየረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትሄደውም ብቻዋን ነው። ልትወስዳት የመጣችው ልጇ ጆሊን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የዚህ ጉዞ ወሬ ከተነሳ ጀምሮ ፊቷ ተፈትቶ አያውቅም።

ፈርን ይህን ሐሳብ ያመጣችው በኦርሊን የተነሳ ነው፤ ደብቃውም አታውቅም።

«ያን ሆድ ተሸክመህ ከጨረስከው እኔ ምን ያቅተኛል?» አለችው ዛሬም።

«ሆዱ እኮ ቁልቁለት ላይ ይገፋዋል» አለ ዱዌን፣ የደንበኛ ብስክሌት ጎማ እየፈታ።

ኦርሊን ሳቀ። ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አላነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በጉዞው የመጀመሪያ ቀን፣ ከሰሜኑ ጫፍ ከአስቶሪያ ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ ዝናብ ወረደበት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መንገድ ዳር ሲቆም አንድ የማያውቀው ሰው ፒክአፑን አቆመለት። ብስክሌቱ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፤ ማሞቂያው ተከፍቶለት፣ የሰውየውን ቺፕስ እየቆረጠመ ሠላሳ ማይል ሄደ። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ዋሻም ገደሉንም ያለፋቸው በመስኮት እያየ ነው። የቀረውን ከሦስት መቶ ማይል በላይ በገዛ እግሩ ፔዳል ረግጦ ጨርሷል፤ እሱን ማንም አይወስድበትም። ሲመለስ ግን አጨበጨቡለት፣ ዱዌን እስክሪብቶ አቀበለው፣ እሱም ፈረመ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትወጣው ያን ቀን ያልቅ ነበር፤ አልወጣችውም።

የመጀመሪያውን ቀን ምሳ፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ፣ የነፋሱን ነገር ተነጋገሩ። ነፋሱ በበጋ ከሰሜን ስለሚመጣ ከጀርባዋ ይሆናል። ከዚያ ዋሻው ላይ ደረሱ። መግቢያው ላይ ብስክሌተኛ የሚጫነው ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ከኋላ ለሚመጡ መኪኖች መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«መብራቱ እስክወጣ ይቆይልኛል?» አለች ፈርን። «ውስጡ ዳገት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ዳገት ላይ እንዴት እንደምጎተት ታውቃለህ። ከኋላዬ ደግሞ ግንድ የጫነ መኪና ሊመጣ ይችላል።»

«በደንብ ይበቃሻል» አለ ኦርሊን። አፉ ለምዶታል።

ፈርን ከብስክሌቷ መሪ ላይ በምትለጥፈው ወረቀት ላይ «በደንብ ይበቃል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

ኦርሊን መስመሩን አየው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ይበቃት ይሆናል እኮ ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞከረ፤ አልሆነለትም። በጨለማው ውስጥ እየተጎተተች፣ መብራቱ ከኋላዋ ጠፍቶ፣ እሷ ግን በእሱ ቃል ተማምና ስትሄድ ታየችው።

«አጥፊው» አለ።

«ምኑን?»

«የጻፍሽውን። አላውቀውም። እዚያ ጋ በመኪና ነው ያለፍኩት።»

ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ ዝናቡንም፣ ፒክአፑንም፣ ፊርማውንም ተናገረ። ዱዌን መፍቻውን አስቀመጠ።

«ቺፕሱ ምን ዓይነት ነበር?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«ለዚች ልጅ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?» አለችው ፈርን ኦርሊንን። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርገው ይቀለው ነበር። «አትስጊ፣ ኦርሊን መንገዱን ስንዝር በስንዝር ያውቀዋል አልኳት። ማልኩላት።»

«ይቅርታ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አነሰበት።

ፈርን ላጲስ አንስታ መፋቅ ጀመረች። ብዙ ፋቀች፤ ከሚያስፈልገው በላይ።

«ቅዳሜ ትሄዳለህ» አለችው። «ቁልፉን ተጭነህ መብራቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ትለካለህ። ከዚያ በእኔ ፍጥነት ትነዳዋለህ፤ እሱንም ትለካለህ። ሁለቱን ቁጥር ታመጣልኛለህ።»

«አመጣለሁ» አለ ኦርሊን። የሚሠራው ነገር ስለሰጠችው ትንሽ ተንፈስ አለ።

«መሄዳቸውን በምን እናውቃለን?» አለች ጆሊን ከበሩ በኩል። እስከ ዛሬ ኦርሊንን አንተ ትለው ነበር፤ አሁን አንቱ አለችው።

ኦርሊን ወደ ፈርን ዞረ። እሷ ትመልስለታለች ብሎ ጠበቀ። ፈርን የላጲሱን ብናኝ ከወረቀቱ ላይ እፍ አለች፤ ቀና ብላ ያየችው ግን ልጇን ነው።

«አንቺ በመኪና ከኋላው ሂጂ» አለቻት።

«እሺ» አለ ኦርሊን። እሱን ማንም አልጠየቀውም ነበር።