አዲሱ ጉሬዛ

አልጋነሽ ቦንጋ ውስጥ የሞተር ወንበር ስታለብስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ልማድ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ዕድሜ መጣና «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል» ሆኖ ቀረ። ደንበኛ መጥቶ «እትዬ፣ ይሄ ስፖንጅ አይቆረቁርም?» ሲላት፣ «ምን በወጣው! እንደ አልጋ ነው የሚመችህ» ትለዋለች። እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። ቆረቆረኝ ብሎ የተመለሰ ሰው ስላልነበረ ግን የገዛ ቃሏን አምናው ኖራለች።

ሱቋ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። በረንዳው ሰፊ ስለሆነ ሞተረኞቹ ዝናብ ሲመጣ እዚያ ይጠለላሉ፤ ዝናብ ደግሞ በዚህ አገር መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ በከተማው ስለ ሞተር የሚወራው ሁሉ መጀመሪያ የሚወራው እሷ በረንዳ ላይ ነው። ከሚወራውም አብዛኛው ስለ ጉሬዛ ነበር።

ጉሬዛ ፋብሪካው ያወጣለት ስም አይደለም። ሞተሩ ጥቁር ነው፤ በግራና በቀኝ ጎኑ ነጭ መስመር ይወርድበታል። የጫካውን ጉሬዛ ሲያይ ያደገ ሕዝብ ሌላ ምን ብሎ ይጠራዋል? ፊቱ ላይ ትልቅ ክብ መብራት፣ እንደ ጎሽ ትከሻ ያበጠ የነዳጅ ሰልባትዮ፣ ሦስት ሰው ከነሸክሙ የሚችል ረጅም ወንበር። አልጋነሽ የዚያን ወንበር ልብስ ልክ ሳትወስድ ትቆርጠዋለች። ጠርዙን ዞሮ የሚወርደው ነጭ ጸጉራም ዘርፍ የሷ ፈጠራ ነው፤ ሺሺንዳም ሆነ ደካ ወይም ቢታ ገነት የሚታየው ዘርፍ ሁሉ ከሷ እጅ የወጣ ነው።

ያ ሞተር መልኩ ተለወጠ የሚል ወሬ መጣ። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ግማሹ «ውሸት ነው፣ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አለ፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ እውነት ባይሆን በወደደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሲያባራ፣ ሰላሐዲን እየነዳው ዳገቱን ወጣ።

ሰላሐዲን የሺሺንዳ ልጅ ነው፤ ማርና ኮረሪማ ይነግዳል። ከጅማ ድረስ በዚያ ዝናብ ነድቶት መምጣቱ ነው። ልብሱ ጭቃ በጭቃ ቢሆንም ሞተሩን መንገድ ላይ አቁሞ አጥቦታል። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

ክቡ መብራት የለም። በቦታው ያሸለበ ሰው ሽፋሽፍት የመሰለ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር አለ። ሰልባትዮው ከስቷል፤ ወገቡ ገብቷል። ነጩ ከመብራቱ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ይጀምርና ወደ ኋላ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ጭራው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ተነሥቶ ይቀራል። ወንበሩ ለሁለት ተከፍሎ የኋላው ከፊተኛው በጣም ከፍ ብሏል።

«ፊቱን ምን በላው?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ጋሽ ገሠሠ በዚያ በረንዳ ላይ ቃላቸው ሕግ ነው። ጡረታ ሳይወጡ የግብርና ቢሮ ሞተረኛ ነበሩ፤ መንገዱ ገና መንገድ ሳይባል ደካ ድረስ በሞተር የገቡ ናቸው። ሰላሐዲንንም ጨምሮ የዛሬዎቹን ሞተረኞች ግማሽ ያህሉን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ዲዛይኑ ነው እንጂ ጋሼ!» አለ ኢያሱ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር። ሞተሩን እየዞረ ነበር። «ንፋሱን እንዴት እንደሚከፍለው ይዩት እስቲ። ቆሞ እንኳ የሚሄድ ይመስላል።»

«ፌንጣ ይመስላል።»

ሰዉ ሳቀ። ሰላሐዲንም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

«እኔ መልኩ ላይ ጠብ የለኝም፣ ያምራል» አለች አብርሆት። አብርሆት ነርስ ናት፤ የጤና ጣቢያውን ጉሬዛ እየነዳች ገጠር ለገጠር ትዞራለች። «ግን እዚያ ማማ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት እንዴት አድርጌ ላስቀምጥ? ለኛም ይሄው ነው የሚመጣው አሉ።»

«ሰማህ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ ወደ ሰላሐዲን ዞረው። «ሞተር ሰው ይጭናል፤ ይሄ ግን መስተዋት ፊት የሚቆም ነው። ለምን አላማከርከኝም?»

በዚህ ሁሉ መካከል አልጋነሽ መቀሷን እንደያዘች ከሱቋ ወጥታ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ስፌተኛ ናትና መጀመሪያ የፈለገችው ስፌቱን ነበር። ጣቷን ከመብራቱ ሥር አሳርፋ በነጩ መስመር ላይ አስኬደችው፤ በሰልባትዮው ጎን አለፈች፣ በወንበሩ ሥር አለፈች፣ ጭራው ድረስ ሄደች። መጋጠሚያ አላገኘችም። እንደገና ተመልሳ በቀኝ በኩል ሞከረች። ብረቱ የት አልቆ ፕላስቲኩ የት እንደሚጀምር እጇ አልነግርሽ አላት። ዕድሜ ልኳን ሁለት ቁራጭ ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ የሁለት ነገር መገናኛ እንዲህ ሊጠፋ እንደሚችል አስባ አታውቅም። ቀና ስትል ነጩን በሙሉ አየችው፤ ያኔ ገባት። የድሮው ሞተር ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠው ጉሬዛ ነበር። ይሄኛው ከዛፍ ወደ ዛፍ የዘለለው ነው፤ ነጭ ጸጉሩ አየር ላይ ተበትኖ።

«ይሄን የሠራ ሰው ጉሬዛ አይቶ ያውቅ ይሆን?» አለች ለራሷ። ማንም አልሰማትም፤ ክርክሩ ቀልጦ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሰላሐዲን እስከ መናኸሪያው ወርዶ ተመለሰና ሱቁ ውስጥ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ የኋላውን ወንበር ዝቅ ያድርጉልኝ። ከፊተኛው ጋር እኩል ይሁን። ዘርፉንም እንደ ድሮው ያዙሩበት።»

«ለምን? አንተ አልወደድከውም?»

«እኔማ…» ወደ ደጅ፣ ወደ ሞተሩ አየ። «መጀመሪያ ሳየው የምናገረው ጠፋኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ግን ጋሽ ገሠሠ ፌንጣ ካሉት በኋላ እንዴት አድርጌ ከተማ ውስጥ እነዳዋለሁ? ቅድም ታች ያሉት ልጆች ‹ፌንጣ መጣ› ብለው ጮኹብኝ።»

አልጋነሽ ወንበሩን ፈትታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። ሽፋኑን ገልብጣ ስፖንጁን አወጣች። ቢላዋ አንስታ የሚቆረጠውን በዓይኗ ለካች። ቢላዋው ስፖንጁን ነካው፤ አልገባም። እጇ እምቢ አላት። ሞተሩን ሲሠራ ይሄን ያህል የተጠነቀቀ ሰው የኋላውን ወንበር እንዲሁ ለጌጥ ብሎ አይሰቅለውም፤ አንድ ነገር ቢያስብ ነው። ምን እንደሆነ ግን ወንበሩን በማየት ብቻ አልታወቃትም። ሳይታወቃት ደግሞ መቁረጡ ከበዳት።

«ሰላሐዲን» አለችው፣ «መጀመሪያ እኔ ልቀመጥበት።»

«ይቀመጡ፣ እትዬ፤ ልግጠመውና—»

«ቆሞ አይደለም። እየሄደ።»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ገና ሰው ሳይበዛበት፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ፣ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ መጣች። ሰላሐዲን የራስ ቁር አደረገላት። ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ መሬቱ ራቃት። ጃኬቱን በሁለት እጇ ጨመደደችው።

«ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

«ዝም ብለህ ንዳ!» አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

የከተማውን ቁልቁለት እንዲሁ ጨፍና ወረደች። ንፋሱ ቀሚሷ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ለመዞር ጋደል ሲል ሞትኩ አለች፤ ሲቃና ደግሞ አልሞተችም። በሁለተኛው መዞሪያ ላይ ሰውነቷ ከሞተሩ ጋር ጋደል ማለትን በራሱ ጊዜ ተማረ። ያኔ ዓይኗን ገለጠች።

የሰላሐዲን ራስ ከአገጯ በታች ነበር። ፊቷን የከለላት ምንም ነገር የለም። የሺሺንዳ መንገድ ከፊቷ ተዘርግቶ ጫካው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ እንደገና ማዶ ዳገቱ ላይ እንደ ቀበቶ ብልጭ ይላል። በግራ በኩል መሬቱ ወርዶ ወርዶ ጉም የሞላው ሸለቆ ሆኗል፤ ከጉሙ ላይ የትልልቆቹ ዛፎች አናት ብቻ ብቅ ብሏል፤ ፀሐይዋ ገና አሁን ነክታቸው ቅጠሉ ሁሉ ውሃ እንደያዘ ያበራል። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፋለች! ጆንያና ዶሮ መካከል ተጨንቃ፣ በጭቃ በተመረገ መስኮት። አገሯ ይህን ያህል ጥልቅ፣ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ማንም አልነገራትም። አማርኛው ከአፏ ጠፋና በእናቷ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ፈጣሪዋን ጮክ ብላ ጠራችው።

«አቁም!»

ሰላሐዲን ደንግጦ ፍሬን ያዘ። «ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንኩም። ልየው ብዬ ነው።»

ቆሙ። እሷ ከወንበሩ አልወረደችም። ጉሙ ቀስ እያለ ሲገለጥ፣ ታች ሌላ ጫካ፣ ከሱም በታች ሌላ ጫካ ሲወጣ ታያለች። እንባዋ መውረዱን ያወቀችው ጉንጯ ሲቀዘቅዝ ነው።

«ኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚያየው?» አለችው በመጨረሻ።

ሰላሐዲን አሰበ። «በድሮው አይታይም፣ እትዬ። ልጅ ሆኜ ከጋሽ ገሠሠ ኋላ ተቀምጬ ደካ ስሄድ፣ መንገዱን ሙሉ ያየሁት የካፖርታቸውን ስፌት ነው።»

«እንግዲያው የሠራው ሰው ወንበሩን ከፍ ያደረገው ለዚህ ነው። ለኋለኛው ሰው ብሎ ነው።» ትከሻውን ቸብ አደረገችው። «እኔ ቢላዋ አላነሳበትም። ከፈለግህ ሌላ ሰፊ ፈልግ።»

ሰላሐዲን ሌላ ሰፊ አልፈለገም።

ሰኞ በረንዳው እንደገና ሞላ። አልጋነሽ ጋሽ ገሠሠን በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ እስቲ ከኋላው ይቀመጡበት» አለቻቸው።

«እኔ? እኔ ከሰው ኋላ ተቀምጬ አላውቅም።»

«እኔም ሞተር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።»

«እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ ‹እንደ አልጋ ነው› ከየት መጣ?» አለ ኢያሱ፤ ሳቁ ዳገቱን ሞላው። አልጋነሽም እስኪያማት ሳቀች። በሳቁ መካከል ጋሽ ገሠሠ እምቢ የሚሉበት መንገድ ጠፋቸው፤ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ካስተማሩት ልጅ ኋላ ወጡ።

ቆዩ። እመለሳለሁ ካሉት በላይ ቆዩ። ሲመጡ ከሞተሩ ወርደው ቆባቸውን አወለቁ፤ ማንንም አላዩም። ሰዉ አፋቸውን ጠበቀ።

«ፊቱን አሁንም አልወደድኩትም» አሉ። «ያ ከድልድዩ በላይ ያለው መዞሪያ አለ አይደል… ያ ገደሉ። ለካ ታች ወንዝ አለበት። ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ስንት ዘመን ነዳሁበት፤ ዓይኔ ከጭቃው ላይ ተነሥቶ አያውቅም እኮ።» እንደገና፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ወንዝ አለበት» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

«ወንዙ መልካም ነው፣ ጋሼ» አለች አብርሆት ለስለስ ብላ። «የኔን ወላድ ግን አያደርስልኝም።»

«ልክ ነሽ፤ በዚህ ማንም አይከራከርሽም» አለች አልጋነሽ። «ላንቺ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ለሥራ ቀን የሚገጠም ለብቻው እሰፋልሻለሁ። የሠሪውን ወንበር ግን ሳልነካ።» ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከሞተሩ አጠገብ እንደገና ቁጢጥ አለች።

ጋሽ ገሠሠ ግን አሁንም ቆባቸውን አልደፉም። ወደ ሰላሐዲን ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ነገ ወዴት ነህ?» አሉት።