ሸራ የለበሰው አይሱዙ

ራሺድ ነጌሌ ላይ ያሠራውን የበቆሎ መጋዘን ራሱ ፈተነው። በቆሎ ጢም ብሎ የተጫነበት አይሱዙ ወለሉ ላይ አስወጣና ሰፈሩን ጠራ። ወለሉ አልተሰነጠቀም፤ ተጨበጨበ።

የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ረሆቦት የመጠቀሚያ ፈቃዱን ሳትፈርም ብብቷ ሥር ይዛ ቆማለች። ከግድግዳው ጥግ ወተት ሻጮች ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሠረቱ ቢሰምጥ ግድግዳው የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው።

«አካም፣ እህቴ! አየሽ? ንቅንቅ አላለም!»

«ስንት ደቂቃ ቆመ፣ አቶ ራሺድ?»

«ምን ደቂቃ አለው? ከቻለ ቻለ ነው!»

ሰው ሳቀ። ረሆቦት እንዲህ ያለውን ሰው ታውቀዋለች፤ ለጭብጨባው እስከበቃው ድረስ ሌላው አይገደውም። ነፋስን፣ የሠርግ ጭፈራን፣ ለአንድ ቀን የቆመ መኪናን ይህ ጥቁር አፈር ይችለዋል። ወር ከወር ከላዩ የማይነሣ ጭነት ግን ውሃውን ቀስ እያለ ይጨምቀዋል፤ አፈሩም ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ባሏ መቃብር ላይ ያስቀመጠችው ድንጋይ የዘመመው በሁለተኛው ዓመት ነበር። ይህን ለራሺድ አትነግረውም።

«እንግዲያው ጭነቱ ሳይወርድ፣ የሐጋያ ዝናብ ዘንቦ እስኪያባራ እዚሁ ይቁም። ወለሉ መውረዱን ያን ጊዜ እለካለሁ» አለችው።

ሰው ፊት ነውና እምቢ ማለት አልሆነለትም። «ይቆማል!» አለ።

አይሱዙው ሸራ ለብሶ ሁለት ወር ቆመ። ዝናቡ ሲያባራ ራሺድ ሰፈሩን መልሶ ጠራ። የረሆቦት አለቃ ወንዶሰንም ብዕር ይዞላት መጣ። በውሃ ልክ ለካች፤ ወለሉ አንድ ጣት እንኳ አልወረደም።

«በይ እንግዲህ ፈርሚ» አላት ወንዶሰን።

እሷ ጎማዎቹን ታያለች። ያን ቀን በጭነቱ ተጨፍልቀው የነበሩት ዛሬ ድንቡሽ ብለዋል፤ ከሥራቸው ጭነቱን ተሸክሞ ጎብጦ የነበረው ባሌስትራም ቀና ብሏል።

«ዳባሶ» አለች ዘበኛውን፣ «እስቲ ሸራውን ግለጥልኝ።»

ዳባሶ ራሺድን ሰረቅ አድርጎ አየና ገመዱን ፈታ። ገለባ የተጠቀጠቀ ጆንያ ብቻ ነበር።

«በቆሎው ሞያሌ ከገባ ሰንብቷል፣ ኢንጂነር» አለ መሬት መሬት እያየ።

ከወተት ሻጮቹ አንዷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ወረወረች፤ ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ።

ረሆቦት ብዕሩን ተቀበለች። «የተፈቀደ አገልግሎት» በሚለው ቦታ ላይ «ገለባ ማስቀመጫ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ራሺድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይኼ ስድብ ነው!»

«አይደለም» አለች ብዕሩን ለወንዶሰን እየመለሰች። «እርስዎ ፈትነው ያሳዩኝ ይህንኑ ነው።»