ያልተነሳው ወንበር

አውሮፕላኑ ቀኝ ክንፉ እየነደደ ወደ ተራራው ሲያዘቀዝቅ ናትናኤል የመዝለያውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። የመስተዋቱ ክዳን ተገንጥሎ ነፋስ ወሰደው። ወዲያው ወንበሩ ከነአብራሪው ወደ ላይ ተወነጨፈና ነጭ ዣንጥላ በበረሃው ሰማይ ላይ ተዘረጋ።

"ሠራ!" አለ ናትናኤል ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። "አዩት ጋሼ? ትናንትና እዚህች ጋ ነበር እየተበላሸ ያስቸገረኝ።"

ዘወር ሲል ሽማግሌው አዳነ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆመዋል። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ በቀስታ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ዣንጥላ ያያሉ።

"ወጣ" አሉ ለራሳቸው ያህል። "በሰላም ወጣ።"

"አዎ፣ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ይወጣል። ምነው፣ አመመዎት እንዴ?"

ሽማግሌው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በሱቁ በኩል ወጡ። ናትናኤል ውኃ ሊጠጡ ወጥተው ይሆናል ብሎ ጥቂት ጠበቀ። በኋላ ግን ደጁ ላይ ወጥቶ የወልዲያን አስፋልት ወደ ላይም ወደ ታችም ቢያይ አዳነ የሉም። ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሳም።

ናትናኤል ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በፊት ለፊቱ ክፍል ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ላለፉት አራት ዓመታት የሠራው ሌላ ሥራ አለ። እውነተኛ የጦር አውሮፕላንን አስመስሎ የሚያበር የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ሞተር ከማስነሳት ጀምሮ አብራሪ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል። ናትናኤልና ሦስት ጓደኞቹ ለዚህ ጨዋታ በስድሳ ዘጠኝና በሰባ ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር የተካሄደውን የአየር ውጊያ ሃያ ተልዕኮ አድርገው እየገነቡ ነው። አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳ፣ ምን እንደጫነ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች፣ ሁሉም እንደነበረው መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የትርፍ ነዳጅ በርሜሉ ቀለም ስላጠራጠረው ብቻ ሥራውን ሦስት ሳምንት አስቁሞ ጓደኞቹን አስመርሯል።

ሰፈሩ ግን ይህን ሥራውን አይወድለትም። "በገዛ ዓይናችን ያየነው ጦርነት አልበቃህም?" ይሉታል። እሱም፣ "ያየነውንም ነገ አንዱ ተነስቶ እንዳሻው እንዳይተርከው ብዬ ነው" ይላቸዋል።

አዳነን ያገኛቸው መርሳ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበሩ፤ አሁን የመስኖ ፓምፕ ይጠግናሉ። በየበረራው የመዘገቡበት አሮጌ ደብተር ባይኖር ኖሮ ይህ ሥራ አይታሰብም ነበር። ሃያዎቹም ተልዕኮዎች ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ለዓለም እንደሚለቀቁ ተነግሯል። ሽማግሌውም የመጨረሻውን ፍተሻ አብረው ሊያዩ በማለዳ ነበር ወልዲያ የገቡት።

ሲያዩት የነበረው አሥራ አንደኛውን ነው። አብራሪው ሻምበል ደሳለኝ የወደቀበትን።

ናትናኤል ላፕቶፑን በቦርሳ ይዞ፣ ሱቁን ቆልፎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። የመርሳው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቀ፤ መንገድ ላይም እየቆመ ሰው ሲያራግፍ ዘገየ፤ ለአዳነ ደጋግሞ ቢደውልም አያነሱም። በመካከል ከሦስቱ ጓደኞቹ አንዱ ዓሪፍ ከኮምቦልቻ ደወለ። ፋይሉን የሚለቀው እሱ ነው።

"አሥራ አንደኛው አለፈ?"

"ጨዋታው ሠርቷል። ግን ቆይ፣ አንድ ነገር አለ።"

"ናቲ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ በርሜል ቀለም እንዳታነሳብኝ። ሰው እየጠበቀ ነው።"

"በርሜል አይደለም። እደውልልሃለሁ" ብሎ ዘጋው።

አዳነን ያገኛቸው ከመርሳ ገበያ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራች የጥገና ቤታቸው ውስጥ ነው። የተፈታ ፓምፕ ፊታቸው ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን አይነኩትም። ሲያዩት አልደነገጡም።

"እንደምትመጣ አውቄያለሁ" አሉት። "ተቀመጥ። ያ የምታሳየው ነገር ዛሬ መውጣቱ ነው?"

"በአሥራ ሁለት ሰዓት።"

"አታውጣው።"

ናትናኤል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። "ምኑ ተሳሳተ ጋሼ? ሰዓቱ ነው? ቁጥሩ ነው?"

"ስለ ደሳለኝ ምን ብለህ ጻፍክ?"

"እርስዎ የነገሩኝን። ሲመታ ጓደኛው ዝለል ቢለውም፣ አውሮፕላኔን ጥዬ አልሄድም እንዳለ።"

"ውሸት ነው። የእኔ ውሸት።"

ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። አዳነ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ፒን አንስተው በጣታቸው መካከል ያዟት፤ የፓምፕ ዕቃ ነች።

"ይህን የምታህል ነች" አሉ። "ወንበሩ ከሥሩ ባሩድ አለው። ከኋላው ገብተህ ስትሠራ እንዳይተኮስብህ ፒን ትሰካለህ፤ ቀይ ጨርቅ አላት። ስትጨርስ ትነቅላለህ፤ ካልነቀልካት ወንበሩ አይነሳም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ በርሮ ተመልሷል። ወንበሩ ከፍ ዝቅ አልልም ብሎት ገብቼ አስተካከልኩለት። ሳልወጣ ተነስ የሚል ትእዛዝ መጣ። እሱ እየተጣደፈ ገባ። ቀበቶውን አሰርኩለት፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ 'ማታ እንገናኝ' አለኝ። ክዳኑ ተዘጋ።"

"ፒኗስ?"

"ማታ የተነቀሉትን ሰሌዳ ላይ እንሰቅላቸዋለን። ቆጠርኩ። አንድ ጎደለች።" ፒኗን መልሰው አስቀመጧት። "ከግምጃ ቤት ሌላ አምጥቼ ሰቀልኩ። ማንም አላወቀ።"

"ታዲያ አልዘልም ያለውስ?"

"አብሮት የበረረው ሰው ተመልሶ ሲያለቅስ ሰማሁት። 'ክዳኑ ሲወረወር አየሁ፤ ወንበሩን ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልተነሳም' ይላል። በዘጠነኛው ቀን እሱም ወደቀ። እኔ ያገሩ ልጅ ስለሆንኩ መርዶውን ይዤ መጣሁ። ሚስቱ ማሚቴ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ 'መዝለል አይችልም ነበር ወይ?' ብላ ነው። ምን ልበላት? 'አልፈለገም፤ አውሮፕላኑን ጥሎ መሄድ አልፈለገም' አልኳት። ክብር የሰጠሁት መስሎኝ ነው።" ወደ ናትናኤል ቀና አሉ። "ዛሬ እዚያ ስክሪንህ ላይ ሲወጣ አየሁት። እንደዚያ ነበር መውጣት የነበረበት።"

ካርታውም፣ ደብተሩም፣ የናትናኤል የሃያ ተልዕኮ ሥራ ሁሉ በእኚህ ሰው ቃል ላይ ነው የቆመው። "ልጁ ትርንጎስ ታውቃለች?" ብሎ ጠየቀ።

አዳነ በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነቱን አንተ በጽሑፍ ብታወጣው ታነበዋለች ብዬ ነበር። በዚያው ልገላገል ብዬ።"

"አይሆንም ጋሼ። ከእኔ ጽሑፍ አትስማው። ተነሱ።"

"ዛሬ?"

"አሁን።"

ትርንጎ የደሳለኝ ልጅ ናት፤ አባቷ በሞተ በሦስተኛው ወር ተወለደች። መርሳ ላይ የውኃ ቱቦና የፓምፕ መለዋወጫ ትሸጣለች። የአባቷን ፎቶግራፍና ሁለት ደብዳቤ ለናትናኤል ያዋሰችው እሷ ናት። ሁለቱ ወደ ሱቋ ሲገቡ ለአንድ ገበሬ ቱቦ እየለካች ነበር።

"ጋሽ አዳነ! ምነው በዚህ ሰዓት? ናትናኤልም መጣህ? ዛሬ አይደል እንዴ ቀኑ?"

አዳነ ቆመው ቀሩ። ናትናኤል ሊናገርላቸው ቃጣው፤ ግን ራሱን ገታ።

"ስለ አባትሽ ነው" አሉ በመጨረሻ።

ፒኗን፣ ሰሌዳውን፣ ክዳኑን፣ ለእናቷ የነገሯትን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሯት። አንዱንም አላሳመሩም። ትርንጎ መለካቷን አላቆመችም። ሃያ ሜትር ሲሞላ ቱቦውን ቆረጠች፤ ጠቅልላ አሰረችና ለገበሬው ሰጠችው። ሰውየው ነገሩ ከባድ መሆኑ ገብቶት ሰላምታም ሳይሰጥ ወጣ። ያኔ ብቻ እጇን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

"ስቧል?" ብላ ጠየቀች።

"ምን አልሽኝ?"

"መዝለያውን። ስቧል ወይ ነው የምልዎ።"

"ስቧል። ሳይስብ ክዳኑ አይወረወርም።"

"መውጣት ፈልጓል ማለት ነው።"

"ፈልጓል ልጄ። ወደናንተ መመለስ ፈልጓል።"

ትርንጎ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ወደነሱ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነው።

"እናቴ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አታውቅም። ሣጥን ውስጥ ነው የኖረው። 'እኔንና ሆዴ ውስጥ ያለችውን ከብረት አሳነሰን' ትላለች። ሰው ጀግና ነው ሲላት እየተነሳች ትሄዳለች። አርባ ሰባት ዓመት! እርስዎ ይህን ያውቃሉ። ቤታችን እየገቡ፣ እንጀራችንን እየበሉ፣ ይህን ስትል ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሠርጌ ላይ በአባቴ ቦታ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሱት እርስዎ ነዎት።"

"ያን ቀን ልነግርሽ ነበር።"

"በሌላውስ ቀን?"

አዳነ መሬት መሬት አዩ። ሰበብም አልፈለጉም።

ስልክ ጮኸ፤ ዓሪፍ ነው። ናትናኤል ሊዘጋው ሲል ትርንጎ፣ "አንሳው" አለችው።

"ናቲ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ልልቀቀው ወይስ አልልቀቀው?"

"አትልቀቀው። አሥራ አንደኛው ላይ ያለው ታሪክ እውነት አይደለም።"

"አንድ መስመር ጽሑፍ ነው! ማን ያነበዋል? በኋላ እናስተካክለዋለን።"

"አንዴ ከወጣ በኋላ የሚይዘው ሰው የለም ዓሪፍ። ዛሬ አይወጣም። ለሚጠይቅህ ሁሉ እኔ አስቆምኩት በል።"

ዓሪፍ እየተነጫነጨ ዘጋ። ትርንጎ ቦርሳውን በአገጯ አመለከተችው። "እዚያ ላይ ነው ያለው? አሳየኝ።"

ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተላት። ጨዋታውን ሳይሆን ከበረራው በፊት የሚነበበውን ጽሑፍ አወጣ። አነበበችው።

"አጥፋው።"

አጠፋው። "ምን ልጻፍ?"

"የሆነውን። ክዳኑ እንደተወረወረ ጻፍ። ወንበሩ ለምን እንዳልተነሳም ጻፍ።"

"ስሜንም ጻፈው" አሉ አዳነ ከበሩ በኩል። "ከነአባቴ።"

ናትናኤል ወደ ትርንጎ አየ። እሷ ወደ ሽማግሌው አልዞረችም፤ ግን አልተቃወመችም። ጻፈው። ከዚያ እጁ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

"እትዬ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አሁን ባለበት ጨዋታው ላይ ወንበሩ ይሠራል። የሚጫወተው ሰው ከሳበ በሰላም ይወርዳል። እንደነበረው ላድርገው ካልኩ ግን ክዳኑ ይሄዳል፣ ወንበሩ አይነሳም። የእርስዎን ፈቃድ ሳላገኝ አልነካውም።"

ውጭ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

"ሰዎቹ ይስባሉ? የሚጫወቱት?"

"ይስባሉ። ሁሉም ሰው ይስባል።"

"ይሳቡ እንግዲህ" አለች። "ስበው ይዩት። ለምን አልዘለለም የሚል ሰው ከእንግዲህ እንዳይኖር።"

ናትናኤል ወንበሩን የሚያስነሳውን የፕሮግራም መስመር ለወጠ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ እውነት ሲከራከር እንዲህ እጁ ከብዶት አያውቅም።

ትርንጎ ሽርጧን አውልቃ ነጠላዋን ከችንካሩ ላይ አነሳች። የገበያ ቀን ነው፤ ገዢው ገና እየመጣ ነው። ቢሆንም የሱቁን የብረት በር ስባ አወረደችውና ቆለፈችው።

"ወዴት ነው?" አላት ናትናኤል።

"ውርጌሳ። እናቴ ጋ። ይህን ነገር ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻዬን ልይዘው አልችልም። አንተም ና፤ የጻፍከውን ታነብላታለህ።"

ለአዳነ ምንም አላለቻቸውም። ወደ አስፋልቱ ስትወርድ ናትናኤል ከጎኗ ሄደ። ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን እንደያዙ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሉ። ትርንጎ ስትቆም እሳቸውም እዚያው ርቀት ላይ ቆሙ። ናትናኤል እንዲጠጉ ሊጠራቸው ፈልጎ ተወው፤ መጥራት የእሱ አይደለም።

ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ውርጌሳ? ስንት ናችሁ?"

ናትናኤል ወደ ትርንጎ አየ። ትርንጎ የበሩን እጀታ ይዛ ወደ ኋላ ተመለከተች። አዳነ ከስልክ እንጨቱ ሥር ቆመዋል፤ አንድ እርምጃም አልጨመሩም። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነካ አደረገ።

"ሦስት" አለችው፤ ከበሩም ዞር ብላ ሽማግሌው እስኪደርሱ ቆመች።