ውሃ የማይጠጣው ሞተር

አባባ ጀምበሩ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ሊማሊሞን የወጣ ያውቀዋል፤ ዳገቱ ሲጠና ሞተሩ ይፈላል፣ ሾፌሩ ጥግ ይይዛል፣ ረዳቱ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወርድና ራዲያተሩን ውሃ ያጠጣል። እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከገቡ ወዲህ ግን ፋብሪካ ጠርገው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ሚስት ቀብረው፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር፣ በልጃቸው በራቪት ቤት ሶፋ ላይ ቀሩ። ጠዋት ተነሥተው የሚሠሩት፣ ማንም የሚያዛቸው ነገር የለም። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው።

አማቻቸው ኦፊር አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም። በሲሊንደሩ ዙሪያ ስስ ብረቶች ተደርድረዋል፤ ሲሮጥ ነፋሱ በመካከላቸው እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል። የዘይቱ መለኪያ ከዘጠና እስከ መቶ ሃያ ዲግሪ ቢያሳይ ጤናው ነው። ይህን ለአባባ ጀምበሩ ማስረዳት ግን አልተቻለም።

"መቶ አሥር? ውሃ እኮ በመቶ ይፈላል! ኧረ ይነድብሃል ልጄ!" እያሉ ደረጃውን ተከትለውት ይወርዳሉ።

"አባባ፣ ኖርማሊ ነው፣ በሴደር፣ ደህና ነው" ይላል ኦፊር። ማን ሰምቶት!

ኋላ ዘዴ ተገኘ። ከኮርቻው ሥር ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ታሰረ፤ ቀጭን ቱቦም ወጣለት። ቱቦው ወደ ሞተሩ የሚገባ ይመስላል እንጂ መሬት ላይ ነው የሚያፈሰው። "አባባ፣ የውሃው ነገር የእርስዎ ኃላፊነት ነው" አላቸው ኦፊር። የሽማግሌው ፊት በራ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ኦፊርና ጓደኛው ያሮን ለሃቪም የምትባለው ከተማ ደርሰው ሲመለሱ፣ አባባ ጀምበሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጆግ ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። ይሞላሉ፣ ክዳኑን ያጠብቃሉ፣ "በል አሁን ይተንፍስ" ይላሉ። ሁለቱ ጎረምሶች ከንፈራቸውን ነክሰው ይቆማሉ።

ጉዱን ያወጣው ጎረቤታቸው ቢልልኝ ነው፤ ወሬ ሳያደርስ እንቅልፍ የማይወስደው ጡረተኛ። ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። "ጀምበሩ፣ ዝነኛ ሆነሃል እኮ! ሰው ሁሉ እየተላላከው ነው።"

በስልኩ ውስጥ እሳቸው ጎንበስ ብለው ውሃ ይሞላሉ፤ ውሃው ከኋላቸው መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ያሮን በዕብራይስጥ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ ኦፊር ይመልሳል።

"ምን አለ?" አሉ።

"'ሞተሩ ውሃ የሚገባበት እንኳ የለውም' ነው የሚለው" አለ ቢልልኝ እየሳቀ። "'ሲግል ላዩ ላይ እንዳያፈሱብኝ ብቻ፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በቀር ይጫወቱበት።'"

አባባ ጀምበሩ ግን ሌላ ድምፅ ነበር የሚሰሙት። የምትቀርጸው ሴት ትስቃለች። ያንን ሳቅ ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ ያውቁታል። "ተዋቸው ኦፊር፣ ቢያንስ ከቤት ይወጡልኛል" ትላለች ራቪት፣ በአማርኛ።

ስልኩን መለሱለት። ቢልልኝ አብሮት የሚስቅ ጠብቆ ነበር፣ አጣ።

ዓርብ ንጹሑን ሸሚዝ ለበሱ። ጆጉን ከፍሪጅ በወጣ ውሃ ሞሉ፣ በረዶም ጨመሩበት። ራቪት ስልኳን ይዛ ከኋላቸው ወረደች። ኦፊር ከያሮን ጋር በሐምሌ ፀሐይ ከለሃቪም መጥቶ ሞተሩን አጠፋ፤ ዘይቱ መቶ ሃያ ይላል፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ከዚያ አብልጦ ይፋጃል።

"አባባ፣ ዛሬ በጣም ጠምቶታል" አለ፣ ያሮንን በዓይኑ እየጠቀሰ።

"አይቻለሁ" አሉ። ክዳኑን አልነኩም። ጆጉን ከነበረዶው የጋለው ብረት ላይ ዘረገፉት። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ከሥሩ ብረቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ኦፊር ራሱን ይዞ ጮኸ። "አባባ! ምን ነካዎት? አበዱ እንዴ?" አለች ራቪት፤ ስልኩ እጇ ላይ እንደተነሣ እየቀረጸ ነው።

እንፋሎቱ እስኪገለጥ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ድምፁ ገባልሽ?" አሏት።

ባዶውን ጆግ አስጨብጠዋት ደረጃውን ወጡ፤ ሶፋው ላይም ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዓርብ ንጹሕ ሸሚዝ አልለበሱም፤ የሚወርዱበት ጉዳይ አልነበራቸውም።